ለእህቴ ልጅ የቱን ካሜራ ልግዛላት?

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ቡና የምነግድ ሴት ነኝ። እህቴ ካረፈች ወዲህ ልጇን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ላፕቶፑን አጎቷ ገዝቶላታል፤ እኔ ደግሞ ካሜራ ልገዛላት አስቤያለሁ። ከትንሽነቷ ጀምሮ ስልኬን እየቀማች የማታነሳው ነገር የለም። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ የጎረቤት ድመት፣ እኔንም ሳላውቅ ታነሳኛለች። ስልኬ ‹ቦታ የለም› ማለት ከጀመረ ቆየ።

ችግሩ እኔ ስለ ካሜራ የማውቀው የለም። አንድ ሻጭ አዲስ ካኖን 4000ዲ ከሁለት ሌንስ፣ ከቦርሳ፣ ከስታንድና ከሌላም ኮተት ጋር ‹ሙሉ ዕቃ ነው› ብሎ አሳየኝ። ሠርግ የሚያነሳ የጎረቤቴ ልጅ በዚያው ገንዘብ ያገለገለ 200ዲ ይሻላል ይለኛል። እኔ ግን ሰው የተገለገለበትን ዕቃ በስጦታ መስጠት ይከብደኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹በዚህ ዘመን ማን ካሜራ ተሸክሞ ይዞራል፣ ደህና ስልክ ግዢላት› ባይ ነው። ሳትሰማ ገዝቼ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። እዚያ ሄዳ ሠርግና ምርቃት እያነሳች የኪስ ገንዘቧን ብትችልም አልጠላም። ልትገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ምን ትመክሩኛላችሁ? የጅማዋ አክስት።»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የእህትን ልጅ አሳድጎ እዚህ ማድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

መልሱን ላስቀድም። የጎረቤትዎ ልጅ ልክ ነው፤ ያገለገለውን 200ዲ ይግዙ። ግን ሳይመረምሩ አይክፈሉ። ብቻዎንም አይሂዱ፣ ልጅቷን ይዘው ይሂዱ። ሠርጉን ደግሞ ለጊዜው ይርሱት። ምክንያቴን በየተራ እነግርዎታለሁ።

ከወንድምዎ ልጀምር፤ ያሉት ነገር ከመሬት የተነሳ አይደለም። ላፕቶፕም ደህና ስልክም የሌላት ልጅ ብትሆን እኔም «ካሜራው ይቆይ» እል ነበር። እሷ ግን በእርስዎ ስልክ ዓመታት ሠርታለች፤ ስልክ ሊያስተምራት የሚችለውን አብዛኛውን ተምራለች ማለት ነው። አንድ ነገር ሞክሩና እዩት። ሊመሽ ሲል ቡና ሲፈላ አምፖሉን አጥፉ፤ የመስኮቱ ብርሃንና የከሰሉ ፍም ብቻ ይቅር። ረከቦቱ ጋ ተቀምጠው ታንሳዎት። ፎቶው ላይ ክፍሉ ቀትር ይመስላል፤ የዕጣኑ ጭስ እንደ ተፈተገ ጨርቅ ይደበዝዛል፤ ፊትዎ ደግሞ ሰም የተቀባ ይሆናል። ስልኩ ብርሃን ስላጠረው የጎደለውን በሒሳብ እየሞላ ነው። የመደበኛ ስልክ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ማለት ነው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። የ200ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከብዙዎቹ ስልኮች ስፋቱ ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጭሱ ጭስ ሆኖ ይቀራል፣ ጨለማውም ጨለማ። ከዚህም በላይ ደግሞ ምን ያህል ይጨልም የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ስልክ ይህን ለሰው አይተውም፤ ራሱ ወስኖ ነው የሚያቀርበው።

አሁን ወደ «ሙሉ ዕቃው»። 4000ዲ መጥፎ ካሜራ ነው ብዬ አላጣጥለውም፤ ፎቶ ያነሳል። ግን ካኖን በ2018 ሲያወጣው ዋጋው ዝቅ እንዲል ብሎ ብዙ ነገር ቀንሶለታል። ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ብረት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ስክሪኑ ትንሽና ደብዛዛ ነው። ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ የለውም፤ የሚበራው በላይኛው መዘውር ነው። ከላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሃል ላይ የምትኖረዋ የብረት ነጥብ የለችም፤ ስለዚህ ርካሾቹን ባለ አንድ ነጥብ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያበሩትን) አይቀበልም። ይህን ሻጭ አይነግርዎትም፤ ልጅቷ የምታውቀው ከዓመት በኋላ ፍላሽ ገዝታ አልበራ ሲላት ነው።

ሁለተኛው ሌንስ የምን እንደሆነ አልጻፉልኝም። ግን እንዲህ ባለው ጥቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው 75–300 የሚባለው ረጅሙ ነው። አደባባይ ላይ ሲይዙት ያኮራል፤ እጅ ግን ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ማረጋጊያ የለውም። እስከ 300 ተስቦ በእጅ ተይዞ የተነሳ ፎቶ፣ ፀሐይ ካልረዳው በቀር ብዥ ይላል። ቦርሳው፣ ስታንዱ፣ ሌንስ ላይ የሚጠመዘዙት መስታወቶች የጠረጴዛ ማሳመሪያ ናቸው። ገበያ ውስጥ ያደጉ ሰው ስለሆኑ ምርቃት የሚያበዛ ነጋዴ ዋናው ዕቃ ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነግርዎትም።

ያገለገለ ዕቃ ስለ መስጠት ያነሱት ይገባኛል። የወግ ጉዳይ ነው። ነገር ግን 200ዲ የወጣው በ2017 ነው፤ «አዲሱ» 4000ዲ ከእሱ በኋላ የወጣው በአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በአሠራር ደግሞ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ቤትዎ የቆየ የጅማ በርጩማ ካለ፣ ሰው ስለተቀመጠበት ከፕላስቲክ ወንበር አያንስም። ለካሜራም እንደዚሁ ነው፤ የሚለየው ምን ያህል እንደሠራ ሊቆጠር መቻሉ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

200ዲን ከሌሎቹ ያስመረጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ስክሪኑ። ልጅቷ በስልክ ነው ያደገችው። ካሜራ ስትይዝ መጀመሪያ የምታደርገው ዓይኗን የማያ ቀዳዳው ላይ መለጠፍ አይሆንም፤ ስክሪኑን ታያለች፣ የፈለገችውንም ቦታ በጣቷ ትነካለች። በ4000ዲ ስክሪኑን ቢነኩት ምንም አይሆንም፤ በስክሪን እያዩ ሲያነሱ ደግሞ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይዘገያል፤ የሚሮጥ ሕፃን እስኪይዝ ሕፃኑ አጥር ዘሏል። የ200ዲ ስክሪን ወጥቶ ይዞራል፣ በመነካት ፎከስ ያደርጋል፣ ፍጥነቱም ስልክ ለለመደ ሰው አያናድድም። ገበያ ውስጥ ካሜራውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ታች እያየች ማንሳት ትችላለች፤ ሰው ፊት ላይ አይደቀንም። ፎቶውን በዋይፋይ ወደ ስልክ ይልካል። ያለ ሌንስ ከባትሪና ከሚሞሪው ጋር 453 ግራም ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ከደብተር ጋር ይገባል። ከብዶ ዶርም የቀረ ካሜራ ምንም ያህል ቢመረጥ ጥቅም የለውም።

200ዲ ካጡ 700ዲን ይፈልጉ፤ የ2013 ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ዋይፋይም የለውም፣ ስክሪኑ ግን እንደዚያው ይዞራል፣ በመነካትም ይሠራል። ከአሜሪካ በመጣ ዕቃ ላይ ስሞቹ ይለያሉና አይደናገሩ፦ 200ዲ እዚያ ሬብል ኤስ ኤል 2 ይባላል፤ 700ዲ ደግሞ ሬብል ቲ 5 አይ። ያው ራሱ ካሜራ ነው። ኒኮን ዲ 3500ም ጥሩ ጀማሪ ካሜራ ነው፤ ግን ስክሪኑ አይዞርም፣ አይነካም። ደግሞም ጅማ ውስጥ የማውቃቸው ሠርግ አንሺዎች ባብዛኛው ካኖን ነው የያዙት፤ ሌንስ ለመዋስም፣ ቻርጀር ቢጠፋ ለመለመንም ካኖን ይሻላል። ሚረርለስ የሚባሉት አዳዲሶቹ በዚህ ገንዘብ የሚገኙ አይመስለኝም፤ ቢገኙም ሌንሳቸው ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ሜጋፒክስል የሚል ሰው ከመጣብዎት ዝም ብለው ያሳልፉት። 24 ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው፤ ግማሽ ሜትር ስፋት ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ጥርት ብሎ ይታያል። እሷ ደግሞ አብዛኛውን በቴሌግራም ነው የምትልከው።

ዋጋ አልጽፍልዎትም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ጋዜጣ መጠቅለያም አይሆንም። አከፋፈሉን ግን ልንገርዎ። ካለዎት ገንዘብ ከሦስት ሁለቱን እጅ ለካሜራውና አብሮት ለሚመጣው 18–55 ሌንስ ያድርጉት። ያ ሌንስ ስሙ ላይ «አይ ኤስ» የሚሉ ፊደላት እንዳሉበት ያረጋግጡ፤ እነሱ የሌሉበት ማረጋጊያ የለውም። የቀረውን አንድ እጅ አይንኩት። ከእሱ ላይ ተጨማሪ ባትሪ ይገዛል፤ ካኖን በማያ ቀዳዳው እያዩ ሲያነሱ 650 ፎቶ ያህል ይወጣዋል ይላል፣ በስክሪን እያዩ ሲያነሱ ግን ወደ 260 ይወርዳል፣ እሷ ደግሞ በስክሪን ነው የምታነሳው። ባለ 32 ጊጋ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይገዛል፤ አንድ ትልቅ አይደለም፣ ሁለት ትንንሽ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁሉ እንዳይጠፋ። የሐሰት ሚሞሪ በገበያው ሞልቷል። ላዩ ላይ 128 ይላል፣ ከስምንት በኋላ የገባው ፎቶ የለም። ስለዚህ እንደገዙ ላፕቶፑ ላይ በቪዲዮ እስከ ጢሙ ይሙሉትና ከፍታችሁ እዩት፤ ቪዲዮው ከተከፈተ ሐቀኛ ነው።

ከዚያ ላይ ከተረፈ ደግሞ 50 ኤፍ 1.8 የምትባለውን ትንሽ ሌንስ ይግዙላት። ልጆቹ «ፊፍቲ» ይሏታል። የኔ ምክር ልቡ ይህ ነው። አብሮ የሚመጣው 18–55 ጫፉ ላይ ሲደርስ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ፊፍቲ ኤፍ 1.8 ስትከፈት የምታስገባው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ያ የቡና ጭስ፣ ያ የመስኮት ብርሃን የሚያዘው በእሷ ነው። ዙም የላትም፤ ለመቅረብ በእግር መሄድ ነው፣ ለመራቅም በእግር። ጠባብ ዶርም ውስጥ ግድግዳው ወደ ኋላ አያስኬድም፤ እዚያ 18–55ን ትጠቀማለች። እኔ ፎቶ የተማርኩት በራሺያ ሠራሽ ዜኒትና በአንዲት 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፣ በ36 ፖዝ ፊልም። አንድ ሌንስ ብቻ ሲኖር ሰው ቦታ መምረጥ ይማራል፤ ሁለት ሲኖር ሌንስ ሲቀያይር ልጁ ከመስኮቱ ይነሳል።

ምርመራው ላይ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበላው፤ እኔም ተበልቻለሁና።

ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ሌንስ ገዛሁ። ከላይ ሲያዩት አንፀባራቂ፣ ጭረት የለው። ቤት ወስጄ ፎቶ ሳነሳ ሰማዩ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ሌንሱን ወደ አምፖል አቅንተው አሳዩኝ፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ፈንገስ። ሻጩ «ስትወስደው አይተኸዋል» ብሎ መለሰኝ፤ እውነትም አይቼዋለሁ፣ ማየት አላወቅሁም እንጂ።

ስለዚህ የስልክዎን ባትሪ ያብሩና በሌንሱ የኋላ ወገን ሰድደው በፊት በኩል ይመልከቱ፣ ገልብጠውም ይድገሙት። አንድ ሁለት የአቧራ ነጥብ ምንም አይደለም። ድር፣ ሥር ወይም ደመና የመሰለ ነገር ካዩ ይመልሱት፤ ዋጋ ቢቀንሱልዎትም አይውሰዱ። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ሲይዝ ምን እንደሚሆን እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩኝ። ሌንስም እንደዚያው ነው፤ ጅማ ክረምቱን በቁም ሳጥን የከረመ ካሜራ ይሻግታል። ከተማችን ለቡና የተመቸችው በዚሁ ዝናቧ አይደል?

ቀጥሎ የካሜራውን መዘውር ኤቪ ላይ ያድርጉት (የሌንሱን ቀዳዳ እርስዎ የሚመርጡበት ነው)፣ ኤፍ 16 ይሙሉ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱ። ፎቶውን አጉልተው ሲያዩ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ይጸዳል፣ ግን በዋጋ ላይ መነጋገሪያ ነው። ከዚያ ፎከሱን ቅርብ ላለ ነገር፣ ወዲያው ሩቅ ላለ ነገር እያደረጉ ያሠሩት፤ የሚንገጫገጭ ድምፅ ካሰማ ይተውት። ስክሪኑን አውጥተው ዙሪያውን ያዙሩት፤ ሲዞር የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ውስጡ ያለው ገመድ ሊበጠስ ነው። ባትሪውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት፤ አብጦ የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ያስቀይሩ። ቻርጀሩ ከአሜሪካ የመጣ ቢሆን አይስጉ፤ የካኖን ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ ሶኬቱ ላይ ብቻ መለወጫ ያስፈልጋል።

የመዝጊያው ቁጥር፣ ሻተር ካውንት የሚሉት፣ የተነሳውን ፎቶ ብዛት ይነግራል። በዚህ ደረጃ ያሉ የካኖን ካሜራዎች ወደ 100,000 ጊዜ ያህል እንዲሠሩ ነው የሚገመተው። አንድ ሠርግ ላይ 2,000 ጊዜ የሚያነሳ ሰው በ50 ሠርግ ጨረሰው ማለት ነው። ካኖን ይህን ቁጥር ፎቶው ላይ አይጽፈውም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። ሻጩን «አሳየኝ» ይበሉ። ከ30 ሺህ በታች ከሆነ ደስ ይበልዎ። አይቻልም ካለዎት ደግሞ የሠርግ ካሜራ ነው ብለው ገምተው ዋጋ ይቁረጡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ 200ዲ የማን ነው? የጎረቤትዎ ልጅ የራሱን እየሸጠልዎት ከሆነ ምክሩ ልክ መሆኑ አይቀርም፤ ካሜራው ግን ስንት ሠርግ እንደበላ በቁጥር ይንገርዎት። ጉርብትናችሁም እንዳይበላሽ ከመክፈልዎ በፊት ይሁን። የራሱ ካልሆነ ደግሞ ለምርመራው እሱን ይዘው ይሂዱ፣ ለምሳ ይጋብዙት።

ስለ ማስደነቁ። ደስታውን ልቀማዎት አልፈልግም፤ ግን ካሜራ እንደ ጫማ ነው፣ እጅ ይለካል። የአንዱ እጅ ትንሿን ካሜራ አቅፎ ይይዛል፣ የሌላው ትንሿ ጣት አየር ላይ ይቀራል። መነጽር የምታደርግ ከሆነ የማያ ቀዳዳው አጠገብ ያለችውን መዘውር ለዓይኗ አስተካክላ ማየት አለባት። ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ያሲዟት፣ ዝም ብለው ይመልከቷት፤ የትኛው እጇ ላይ እንደቀረ ያውቃሉ። በዚያ ላይ ሦስት ሳምንት አለ። ካሜራውን በመሄጃዋ ዋዜማ ቢሰጧት ድሬዳዋ ደርሳ ባዕድ አገር ውስጥ ባዕድ መሣሪያ ትይዛለች። አሁን ካገኘችው ግን ጂረን ወጥታ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ስታነሳ፣ ቦዬ ወርዳ ወፍ አጉልታ ለመያዝ ስትሞክር (18–55 ወፍ አይደርስም፤ ይህንንም እዚያው ትወቀው) ስህተቷን ጅማ ትጨርሳለች።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያውኑ ይንገሯት፤ ሁሉም ጀማሪ አገራችን ውስጥ ይሄ ይገጥመዋል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ሲቆሙለት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የእናትየዋ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። መዘውሩን ከአውቶ ወደ ኤቪ ታውጣ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛ ወደ መደመር አንድ ታሳልፈው። ነጠላው ነጭ ይሆናል፣ ፊትም ፊት። በጥላሸት የጠቆረ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ትቀንስ። እርስዎን በነጠላ አስቀምጣ ሁለቱንም ታንሳ፤ ልዩነቱን አንዴ ካየች አትረሳውም።

ሠርጉን በተመለከተ ቅር ይበልዎትም አልደብቅዎትም። ዜኒቴን በያዝኩ በዓመቱ የአጎቴን ልጅ ቅልቅል አነሳሁ። 36ቱን ፖዝ ጨርሼ ለማጠብ ስከፍተው ፊልሙ ጥርሱን አልያዘም ነበር ለካ፣ አንድም አልተነሳም። ዘመዴ እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት በተገናኘን ቁጥር ያነሳብኛል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላነሳሁት። የዛሬ ካሜራ እንዲህ አይሠራም፣ ግን ካርድ ይበላሻል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ፍላሽ እምቢ ይላል፣ ሙሽራ ደግሞ ተመልሳ አትገባም። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ሁለት ካሜራ ይይዛል። አንደኛ ዓመት ተማሪ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ፈተና፣ አንድ ካሜራ። ገንዘቡ እንዲመጣ ከጠበቁ ባይሉትም ትሰማዋለች፣ ከዚያ በኋላ ካሜራውን ባነሳች ቁጥር «የአክስቴን ገንዘብ አልመለስኩም» ትላለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ የዶርም ጓደኞቿን ፎቶ ሰው ከወደደው፣ ምርቃት የሚያነሳ አንድ ልምድ ያለው ሰው ሥር ረዳት ሆና ትጀምር። ያኔ ራሷ ትጠይቅዎታለች።

ስለ ጥበቃው ባጭሩ። የካሜራውን ተከታታይ ቁጥር ከሥሩ ፎቶ አንስተው እርስዎም ዘንድ ይቀመጥ፣ ደረሰኙም። ጊቢው በር ላይ እንደ ላፕቶፑ ታስመዝግበው። ማንጠልጠያው ላይ «ካኖን» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈ በተራ ማንጠልጠያ ይቀየር፤ የካሜራ ቦርሳ የሚመስል ቦርሳም አያስፈልጋትም፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ ደብተር መያዣዋ ውስጥ ይግባ። ሎከሩን በራሷ ቁልፍ ትቆልፍ። ድሬዳዋ ችግሯ እርጥበት አይደለም፣ ሙቀትና አቧራ ነው፤ ሌንስ ስትቀይር ካሜራውን አጥፍታ አፉን ወደ መሬት ደፍታ፣ ነፋስ ከሌለበት። ጅማ ለዕረፍት ስትመጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ውስጥ ጫማ ሳጥን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ታስቀምጠው። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት የሚል ይመጣል፤ የሩዝ ዱቄት ሌንሱ ውስጥ ይገባል፣ አይሆንም። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የምትሸጥ ሴት ስታነሳ ታስፈቅድ፤ እርስዎንም ገበያ ውስጥ ድንገት ካሜራ ቢደቅኑብዎ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። ድልድይ፣ የጦር ካምፕና የመንግሥት ተቋም በር ላይ ጭራሽ አታንሳ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርሃን ሳለ፣ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ እርስዎ፣ ልጅቷና የጎረቤትዎ ልጅ። ላፕቶፑን ይዛ ትምጣ። ካሜራውን ፊት ለፊቷ ይግዙላት። ማስደነቁ ከቀረ ቅር እንዳይልዎት ፊፍቲዋን ሌንስ ለብቻዎ ሰኞ ተመልሰው ይግዙና ይደብቋት። የመሄጃዋ ዕለት በሶ ስትቋጥሩላት እዚያው ውስጥ ይክተቷት፤ በሶው በደንብ ይታሰር እንጂ። ሲገዟት ሁለቱም ክዳኖች፣ የፊቱም የኋላውም፣ መኖራቸውን ይዩ፤ የኋላውን ሻጮች ይረሱታል።